«ኑርልኝ፤ እኔ ግን አልጠጣም» (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

ሱስን ስለመከላከልና እምቢ ማለትን ስለመለማመድ ከሰሜን ሸዋ ለደወላችሁ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው የሰጧችሁ መልስ እነሆ።

ከደብረ ብርሃን፦ ዶርም ውስጥ «ብርዱን ያባርርልሃል» እያሉ አረቄ ይጋብዙኛል። እውነት ያሞቃል?

አያሞቅም። የቆዳህን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የሞቀህ ይመስልሃል እንጂ ሙቀትህ እየወጣ ነው። ጋቢ ደርብ።

ከመሐል ሜዳ፦ «በሞቴ» ሲሉኝ ይሉኝታ ይይዘኛል።

ሁልጊዜ የምለውን ልድገመው፦ ሰበብ አትደርድሩ! «ጨጓራዬን አሞኛል» ስትል «ወተት ቅደምበት» ይሉሃል። «ገንዘብ የለኝም» ስትል «እኔ እከፍላለሁ»። ሰበብህ ሲያልቅ ብርጭቆው እጅህ ላይ ነው። «በሞቴ» ለሚልህ «ኑርልኝ፤ እኔ ግን አልጠጣም» በለው። ሳትቆጣ፣ ሳትሽኮረመም። ቢጫንህ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሳትለውጥ ድገም። ሦስተኛው ላይ ተነስተህ ውጣ። መጀመሪያ ግን ከጓደኛህ ጋር ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት፤ እሱ የምር ይጫንህ፣ አንተ እምቢ በል። በልብ የታሰበ እምቢታ ጠረጴዛው ላይ ይጠፋል።

ከሸዋሮቢት፦ ለፈተና ጫት ስቅም አድሬ ጨብሲ (ምርቃና ማብረጃ መጠጥ) ካላደረግሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሁን ደግሞ ጓደኞቼ ትራማዶል (የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት) ሞክር ይሉኛል።

ልጄ፣ ይህን በደንብ ስማኝ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብህን ያስሮጣል፣ ስካሩንም ይደብቅብሃል። ስለዚህ «አልሰከርኩም» እያልክ ከልክ በላይ ትጠጣለህ። ዳግም አረቄ ደግሞ አልኮሉ 45 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ቢራ 5 አካባቢ ነው። ምርቃናው ሲለቅህ መጠጡ ብቻውን ይቀራል። የሚወስድህ እንቅልፍም የተቆራረጠ ነው፤ ያጠናኸው አእምሮህ ውስጥ የሚደላደለው ግን በደህና እንቅልፍ ነው። ሌሊቱን የደከምክበትን ጠዋት በመለኪያ ታፈሰዋለህ ማለት ነው።

ትራማዶል ከአልኮል ጋር ትንፋሽ ያዳክማል፣ ተኝተህ ላትነቃ ትችላለህ። ብቻውንም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። አንድ ፍሬም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትንካ። እዚህም ሰበብ አትደርድር፦ «አልወስድም»፣ በቃ። መጠጥ ቤት ከገባህ በኋላ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ከበርጫው ቀድመህ ተነሳ።

ከአረርቲ፣ እናት፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው፤ ምን ልምከረው?

እናቴ፣ ምክሩ ይቆይ። ቤት ውስጥ «አልፈልግም» ሲል «ባለጌ» ይባላል? እርስዎን በአክብሮት እምቢ ማለት ያልተፈቀደለት ልጅ ጓደኛውን እምቢ ማለት ከየት ይማራል?

ከሌላ አድማጭ፦ 19 ዓመቴ ነው፤ ቢራ ብቻስ?

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው።

ከአንዲት እህት፦ ወንድሜ በየቀኑ አረቄ ይጠጣ ነበር። ካቆመ ሁለት ቀኑ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ የሌለ ሰው ያያል።

ይህ በምክር የሚመለስ አይደለም፤ ሊገድል ይችላል። ጠበሉም ቢሆን ሐኪም ካየው በኋላ ይሁን። ስልኩን ዝጊና አሁኑኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።