በእግር ጉብኝት ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የክብር እንግዶች፣ ከአሮጌው ሠፈር ግብዣችንን አክብራችሁ የመጣችሁ ነዋሪዎች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ከማለዳ ጀምሮ ወንበር ለደረደሩት ወጣቶች፣ የሒሳብ መዝገባችንን ያለ ክፍያ ለመረመሩልን ኦዲተር ምስጋናዬ የላቀ ነው። ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ጸሐፊያችን አረጋግጠውልኛል። የተሟላው ግን በሁለት ሰዎች ብልጫ ብቻ ነው። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

የዓመቱ ሥራ ዝርዝር በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ውስጥ ስላለ በአጭሩ አልፈዋለሁ። የወንዙን ዳርቻ የሚከተል አዲስ የጉብኝት መስመር ከፍተናል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 የሚውለውን ዓለም አቀፍ የአስጎብኚዎች ቀንና ኤፕሪል 18 የሚውለውን ዓለም አቀፍ የሐውልቶችና የታሪካዊ ቦታዎች ቀን በነፃ ጉብኝት አክብረናል። ስድስት አዳዲስ አስጎብኚዎች ሥልጠናቸውን ጨርሰዋል። በእነዚህ ስድስት ልጆች እኮራለሁ፤ ዛሬም ሁሉም እዚህ ተገኝተዋል።

የአቅጣጫ ምልክቱ ሥራ ግን በጅምር ቀርቷል። በቦስተን ከተማ አንድ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1951 ባመነጨው ሐሳብ የተጀመረው የእግር መንገድ ዛሬ 16 ታሪካዊ ቦታዎችን 4 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ቀይ መስመር ያገናኛል። እንግዳ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ መስመሩን እያየ ይሄዳል። እኛም ፈቃዱን አግኝተን ቀለሙን ገዛን። ብሩሽ የሚይዝ ሰው ግን አጣን። ሦስት ቅዳሜ ቀጠሮ ያዝን፤ በሦስቱም ቅዳሜ አራት ሰዎች ብቻ መጣን። ቀለሙ እስከ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ነው።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደ ነሣኝ ጉዳይ ልግባ።

ብዙዎቻችሁ ነገሩን በወሬ ሰምታችኋል፤ ከእኔ ከራሴ ስሙት። ዓመቱ በገባ በሁለተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ስልሳ ያህል ጎብኚዎች አስከትዬ በአሮጌው ሠፈር ጠባቧ መንገድ ላይ ቆምኩ። ድምፅ ማጉያ ይዤ ነበር። በፎቅ ቤቱ ፊት ለፊት ሆኜ ከበሩ በላይ የሚታየውን ቀዳዳ እያሳየሁ፣ በጦርነት ጊዜ የመድፍ ጥይት የበሳው መሆኑን እንደ ወትሮው ተረክሁ። ስጨርስ መስኮቱ ተከፈተ። አንዲት እናት አንገታቸውን ብቅ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ፤ እኔ ግን በድምፅ ማጉያው እየተናገርኩ ስለነበር አልሰማኋቸውም። እጄን አውለብልቤ ሰላምታ ሰጠኋቸውና ጉብኝቱን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ በራቸውን አንኳኳሁ። ሴትዮዋ የተናገሩት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ በቤቱ ውስጥ የታመመ ሰው ተኝቷል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነው፤ ቀዳዳው የመድፍ ጥይት የበሳው አይደለም። አያታቸው አናጢ ነበሩ። ሥራ ቤታቸው ፎቁ ላይ ስለነበር ጣውላና ግንድ በገመድ ወደ ላይ የሚሳብበት ወፍራም አግዳሚ እንጨት ግድግዳው ውስጥ ተሰክቶ ነበር። እንጨቱ ሲበሰብስ ተነቀለ፤ ቀዳዳው ቀረ። ሴትዮዋ ይህን ሲነግሩኝ አልተቆጡም። “በየሳምንቱ ከምድጃዬ አጠገብ ሆኜ እሰማችኋለሁ፤ ስለ አያቴ አንድ ቀን እንኳ ተናግራችሁ አታውቁም” አሉኝ። ፎቶግራፉንም አሳዩኝ። አግዳሚው እንጨት አለ፤ ገመዱ አለ፤ ከሥሩ መጋዝ የያዙ አንድ ቀጭን ሰውዬ ቆመዋል።

በዚያች ጠባብ መንገድ ስንት ጊዜ እንደቆምኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። በመንገዷ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ድንጋይ አውቃለሁ ስል ኖሬያለሁ። ከአንድ ግድግዳ ጀርባ ያለ ሰው የሚያውቀውን ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ጉዳዩን መርምሮ ሦስት ነገር ወሰነ። የመድፉ ታሪክ ይቅር፤ በመኖሪያ መንገዶች ድምፅ ማጉያ አይያዝ፤ በአንድ አስጎብኚ ሥር ከ15 ሰው በላይ አይጓዝ። ማኅበራችን የተከፈለው በዚህ ምክንያት ነው።

የተቃወሙትን ወገኖች ሐሳብ በቅንነት አቀርባለሁ። በአንድ ዙር ስልሳ ሰው የሚያመጡ አስጎብኚ ድርጅቶች ትተውን ሄደዋል። ገቢያችን ካለፈው ዓመት በሲሶ ቀንሷል፤ ገንዘብ ያዣችን ከሰዓት በኋላ ያብራሩታል። ገንዘብ ከሌለ ሥልጠናም ሆነ የመጻሕፍት ሕትመት የለም፤ ይህ እውነት ነው። ሰው የሚመጣው የመድፉን ታሪክ ለመስማት እንጂ ስለ አናጢ ለመስማት አይደለም ያሉም አሉ። በዚህኛው ግን ፈጽሞ አልስማማም።

የገጠመን ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የቬኒስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2024 የጎብኚ ቡድን ከ25 ሰው እንዳይበልጥ፣ አስጎብኚዎችም በድምፅ ማጉያ እንዳይጠቀሙ ደንብ አውጥታለች። ድልድይና መተላለፊያ ተዘግቶባቸው፣ ከቤታቸው መውጣትና መግባት የተቸገሩ ነዋሪዎች አሏትና። ቬኒስ ከጎብኚ የምታገኘው ገቢ ከእኛ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እሷ ይህን ማድረግ ከቻለች እኛ የምንፈራው ምንድን ነው?

በጀርመን ጉንተር ዴምኒግ የተባለ የሥነ ጥበብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረውን ሥራም አስቡት። በናዚዎች የተሰደዱና የተገደሉ ሰዎች ይኖሩበት በነበረው ቤት ደጃፍ፣ ከእግረኛው መንገድ ላይ፣ ወርዱና ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ናስ የተለበጠ ድንጋይ ይተከላል። ስማቸው የተቀረጸው በእሱ ላይ ነው። ዛሬ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ከ100,000 በላይ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች አሉ። በመኪና የሚያልፍ ሰው አያያቸውም። በእግሩ የሚሄደውም ስሙን ለማንበብ ጎንበስ ማለት አለበት። ስልሳ ሰው በአንዲት ድንጋይ ላይ እንዴት ብሎ ያጎነብሳል?

ስለ ከተሞች ብዙ የጻፈችው ጄን ጃኮብስ እ.ኤ.አ. በ2006 ስታርፍ፣ በቶሮንቶ የነበሩ ወዳጆቿ በማግስቱ ዓመት በስሟ የእግር ጉዞ ጀመሩ። ጉዞው በነፃ ነው፤ የሚመሩትም ፈቃደኛ የከተማው ሰዎች ናቸው። ተጓዡም እየሄደ ይናገራል፤ ይጠይቃል፤ ያርማል። ዛሬ በብዙ አገሮች ይደረጋል። እኔም የምመኘው ይህንኑ ነው። ጎብኚ ዐሥራ አምስት ሲሆን ነዋሪው ከበሩ ላይ ሆኖ “እንዲህ አይደለም” ሲል ይሰማል።

አሁን እዚህ ለሌሉት አባላት ልናገር። ቃለ ጉባኤው ይደርሳቸዋልና ቃሌን ሳልቆርጥ እንዲመዘገብልኝ ጸሐፊውን እጠይቃለሁ። ውሳኔውን መቃወም መብታችሁ ነው። ነገር ግን ተቃውሞ በዚህ አዳራሽ እጅ በማውጣት ይገለጣል እንጂ መዋጮ በመከልከል አይደለም። ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የዓመቱን መዋጮ አልከፈሉም። ስማቸው በአስጎብኚነት ተመዝግቦ ካለፈው ዝናብ ወዲህ አንድም ጉብኝት ያልመሩ አሉ። የእነርሱን ተራ እየሸፈኑ ያሉት ስድስቱ ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ በአንድ ቀን ሦስት ዙር መርታ ድምፅዋ ተዘግቶ አይቻታለሁ። ይህ ያሳፍራል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚከብደው ግን የአንድ ሰው መቅረት ነው። ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው መሥራች አባላችን ዛሬ የሉም። የመድፉን ታሪክ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውም ከታላላቆቻቸው የሰሙት ነው። ታሪኩ ሲሰረዝ እሳቸውን ያዋረድናቸው መስሏቸው አኮረፉ። ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄጃለሁ። የድሮ መንገዶችን፣ የፈረሱ ቤቶችን፣ የተለወጡ ስሞችን በእጃቸው የጻፉበት መዝገብ እሳቸው ዘንድ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ጋሼ፣ ይህን ሲያነቡልዎ አንድ ነገር ይወቁልኝ። ግድግዳ ፊት ቆሞ ማየትን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አናጢውን ማወቅ ነበረብን፤ ያ ግን የእርስዎን ውለታ አይሰርዘውም። መዝገቡ ይቆይ፤ እርስዎ ብቻ ይምጡ።

የ15 ሰው ገደብ በመተዳደሪያ ደንባችን ይካተት ወይስ አይካተት በሚለው ላይ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ትሰጣላችሁ። ኮሚቴው ከተሸነፈ ውሳኔያችሁን ያከብራል። በግሌ ግን ድምፅ ማጉያ ይዤ ወደዚያች መንገድ አልመለስም።

ከዚያ በፊት አስቀድሜ ያስፈቀድኩት ነገር አለ። የዚያ ቤት ባለቤት በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ የአያታቸውንም ፎቶግራፍ ይዘው መጥተዋል። ጉባኤው መከፈቱን እያስታወቅሁ፣ የመጀመሪያውን ንግግር እሳቸው እንዲያደርጉ እጋብዛለሁ። እትዬ፣ ይምጡ፤ መድረኩ የእርስዎ ነው።