መርፌውና «ይቅርባት» የሚለው ጥያቄ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ በረካው ሳይደርስ እጨርሳለሁ። አዎ፣ ሳቁ።

ያ ከደሴ የተላከው የድምፅ መልእክት አለቀቀኝም። «እማዬ ኬሞ ላይ ናት፤ አኩፓንቸር ከጀመረች ኬሞው ይቅርባት?» ይላል። ኬሞው ያው የካንሰር መድኃኒት ነው፤ አኩፓንቸር ደግሞ የቻይናው የመርፌ ሕክምና። «ይቅርባት» ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀለል ይላል፣ ሰማችሁት? ደጋግሜ አዳመጥኩት። ሰውዬው የሚጠይቅ አይመስልም፤ የወሰነ ነው የሚመስለው።

መርፌው ሩብ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ሽቦ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ከጉልበት ሎሚ ግርጌ በታማሚዋ በራሷ ጣት አራት ጣት ወደ ታች፣ ከቅልጥሙ ጠርዝ ደግሞ አንድ ጣት ወደ ውጭ ይለካል። ዙሳንሊ የሚሉት ነጥብ ይሄ ነው። ቆዳው በአልኮል ተጠርጎ ሲደርቅ ይገባል፣ ቀስ ተብሎ ይዞራል፤ «ከበደኝ፣ ደነዘዘኝ» ስትል ይተዋል፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። እንደ ኤሌክትሪክ ነዘራት ማለት ግን ነርቭ ተነክቷል፤ ሳብ ይደረጋል።

ዋግምት ያው ነው የምትሉኝ... አይደለም። እዚያ ቆዳ በምላጭ ይበጣል። ኬሞ ላይ ላለች ሴት እሱን እንዳታስቡት!

የት ነበርኩ? በ2021 ኔቸር ላይ የወጣ ጥናት አለ፤ በአይጥ የኋላ እግር፣ በዚሁ ነጥብ፣ በመርፌው 0.5 ሚሊአምፔር ኤሌክትሪክ ተለቆ። ከአንጎል ወደ ሆድ ዕቃ በሚወርደው ቬገስ ነርቭ በኩል ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ተቀስቅሶ ብግነቱን አበረደው። ደስ ይላል። ግን አይጦቹ በባክቴሪያ መርዝ የታመሙ እንጂ ካንሰር የያዛቸው አይደሉም። በሰው ላይ ናቹራል ኪለር የሚባሉት የሰውነት መከላከያ ሴሎች ነቃ ያሉባቸው ትንንሽ ጥናቶችም አሉ። የካንሰር ዕጢ አከሰመ፣ ዕድሜ አራዘመ የሚል አስተማማኝ ማስረጃ ግን የለም።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ነጭ የደም ሴል ከሁሉ ዝቅ ብሎ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ኬሞ በተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ነው። ቤተሰብ «አቅሟን እናንሳ» ብሎ የሚሯሯጠው ያኔ ነው። መርፌ የማይነካትም ያኔው ነው። ጀርም የሚዋጋው ነጭ ሴል፣ ኒውትሮፊል፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ከሆነ በመርፌው ቀዳዳ የገባ ጀርም የሚመክተው የለም። ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ከወረደም ይደማል። የብብት ንፍፊት የወጣለት ክንድ ደግሞ ጭራሽ አይወጋም።

ለማቅለሽለሹ ግን... ከእጅ አንጓ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ ጅማቶች መሃል ያለው ነጥብ ይረዳል፤ ያውም ከፀረ ትውከት መድኃኒቱ ጋር። ሰውዬውን «ይረዳል» ካልኩት ግን ያቺን ቃል ብቻ ይዞ ሄዶ ኬሞውን ቢያስተዋትስ? ዝም ብል ደግሞ እናትየው ስታስመልስ ልትከርም ነው። «አብሽር» ብዬ ልጀምርለት አሰብኩና፣ እሱም እኮ...