እሳቱ ማብሰያም ማሞቂያም ሲሆን

እሷ፦ የዛሬው ርዕሳችን የቤት ውስጥ ጢስ ነው፤ በተለይ 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ በሚኖሩ ሰዎች ሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት። አንተ ደግሞ ገና ከመጀመራችን «ጢስ የትም ቢሆን ጢስ ነው» ብለኸኛል።

እሱ፦ ብያለሁ፤ አሁንም አልተውኩትም።

እሷ፦ ጢሱስ ያው ይሁንልህ፤ የሚቀበለው አካል ግን ያው አይደለም። በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በደንብ ያልነደደ ማገዶ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ኦክስጅን በሚሸከመው የደም ክፍል፣ በሄሞግሎቢን ላይ የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ያችኑ በችግር የገባችውን ኦክስጅን ቦታ ይነጥቃታል።

እሱ፦ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

እሷ፦ ገና አልጨረስኩም። እዚያ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ስለሆነ ምግብ ቶሎ አይበስልም፤ ምድጃ ዳር የሚቆዩበት ሰዓት ይረዝማል። ዛፍ በማይበቅልበት ከፍታ ደግሞ የሚነደው ኩበት ነው፤ ጢሱ ከእንጨትም ይብሳል።

እሱ፦ ለእኔ ዋናው ብርዱ ነው። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። «መስኮት ክፈቱ» የሚለው ምክር ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ መካሪው ካፖርቱን እንደለበሰ ነው የሚመክረው።

እሷ፦ ጉዳቱ ደግሞ በቀላሉ አይታይም። የጤና ባለሙያ የሕፃኑ ጣት ላይ የደም ኦክስጅን መለኪያ ሲያደርግ 88 በመቶ ቢያነብ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን ወዲያው ኦክስጅን ይሰጠዋል። ከ2,500 ሜትር በላይ ግን ኦክስጅን ለመስጠት የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው መነሻ 87 በመቶ ነው። ስለዚህ በጢስ የደከመ ሳንባ «ከከፍታው ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

እሱ፦ እሺ፣ መፍትሔውስ? ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ አይበቃም?

እሷ፦ በጓቴማላ ደጋማ አካባቢ ተሞክሯል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ሕፃናቱ የሚተነፍሱት ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ ወረደ። ከባዱ የሳንባ ምች በአንድ ሦስተኛ ገደማ ሲቀንስ፣ አጠቃላዩ ግን ያን ያህል በግልጽ አልቀነሰም።

እሱ፦ በግማሽ ቀንሶም?

እሷ፦ መነሻው በጣም ከፍተኛ ከሆነ ግማሹም ብዙ ነው። በሌላ በኩል የቻይናዋን ሹዋንዌይ ተመልከት፤ ጢስ የሚበዛበት የድንጋይ ከሰል የሚያነዱ ሰዎች ምድጃቸው ላይ ጭስ ማውጫ ከተገጠመ በኋላ የሳንባ ካንሰር በግልጽ ቀነሰ። ልዩነቱ የታየው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። የአዋቂ ሳንባ ውለታ ቶሎ አይመልስም።

እሱ፦ ጋዝስ? በፔሩ ፑኖ፣ 3,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ለቤተሰቦች የጋዝ ምድጃና ጋዝ በነፃ ታድሎ ነበር።

እሷ፦ አዎ፤ ፑኖ ጓቴማላን፣ ሕንድንና ሩዋንዳን ጭምር ያካተተ ሰፊ ጥናት አካል ነበረች። በጥናቱ በጠቅላላ የጢሱ ብናኝ በእጅጉ ቢቀንስም የሕፃናቱ የሳንባ ምች ግን የሚታይ ለውጥ አላመጣም። ጋዝ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ የሳንባ ምች መንስኤው ብዙ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ጋዝ ያበስላል እንጂ ቤቱን እንደ ምድጃው እሳት አያሞቅም። ሌሊት ብርዱ ሲጠና አሮጌው ምድጃ ተመልሶ ይቀጣጠላል።

እሱ፦ ታዲያ ገንዘቡ በእጅሽ ቢሆን?

እሷ፦ ግማሹን ጣሪያና ግድግዳው ሙቀት እንዲይዝ አውለው ነበር። ቤቱ ሙቀት ከያዘ የሚነደው ማገዶ ያንሳል።

እሱ፦ ቀዳዳው ሁሉ ከተደፈነ ጢሱ በየት ይወጣል? ያኔ እኮ ካርቦን ሞኖክሳይዱ በአንድ ሌሊት ይገድላል።

እሷ፦ ለዚህ ነው ጭስ ማውጫው ቀድሞ የሚሠራው፤ ግድግዳው የሚደፈነው ከዚያ በኋላ ነው። ጥላሸቱንም በየጊዜው የሚጠርግ ሰው ከወዲሁ መመደብ አለበት፤ የተዘጋ ጭስ ማውጫ ካልተሠራው አይሻልም።