በታብሪዝ የተሳሉት ንጉሣችን

ክቡራን እንግዶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

እኔ የምተዳደረው በብራና ጥገና ነው። ቀኑን ሙሉ የተቀደደ ቅጠል ስሰፋ፣ የላላ ጥራዝ ሳጠብቅ እውላለሁ። ስለዚህ ዛሬም የማወራችሁ ስለ አንዲት ገጽ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ገጿ የተሠራችው በ1314 ገደማ፣ በዛሬዋ ኢራን፣ በታብሪዝ ከተማ ነው። ሥዕሏ ላይ ያሉት ግን የእኛው ንጉሥ ናቸው። የሐበሻው ነጃሺ። ከመካ የመጡ መልእክተኞች ፊታቸው ቀርበዋል። «ከእኛ ሸሽተው የመጡትን ሰዎች አስረክቡን» ነው ጥያቄው። ንጉሡ እምቢ ይላሉ።

ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች መከራው ሲበዛባቸው ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ። የመካው ነገድ የቁረይሽ ሹማምንት ዐምር ኢብን አል-ዓስ የሚባል ብልህ ሰው መርጠው፣ ስጦታ አስይዘው ከኋላቸው ላኩ። በእስልምና ታሪክ እንደሚተረከው፣ ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ስለ መርየም የሚናገረውን የቁርአን ምዕራፍ ሲቀራ ንጉሡ ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ። ስጦታውም ተመለሰ። ዐምር የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ይህ ከሆነ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ አገራችንን አይቶ የማያውቅ ሠዓሊ ታብሪዝ ቁጭ ብሎ ይህን ሣለ። ለምን? ማን አዘዘው?

ይህች ገጽ ያለችበትን የታሪክ መጽሐፍ ያዘጋጀው ራሺድ አል-ዲን ይባላል። የሐማዳን ሰው ነው። ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ሐኪም ሆኖ፣ ኋላ እስልምናን ተቀብሎ፣ ለሞንጎል ገዢዎች ዋና ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሰ። ጋዛን ካን የሞንጎሎችን ታሪክ ጻፍልኝ አለው። ጋዛን በ1304 ሲሞት ወንድሙ ኦልጃይቱ ነገሠና የሌላውንም ዓለም ጨምርበት አለው። ራሺድም ቻይናን፣ ሕንድን፣ አይሁድን፣ አውሮፓውያንን፣ ዐረቦችን ሁሉ አስገባ። እስቲ አስቡት፤ የእነዚህ ንጉሦች ቅድመ አያት ሁላጉ ነው፤ በ1258 ባግዳድን ያወደመው። በሦስት ትውልድ ልዩነት ያ ቤተሰብ የሰው ልጆችን ሁሉ ታሪክ አስጻፈ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሥራዬን አቁሜ ትንሽ እቀመጣለሁ።

አሁን ወደ ገጿ እንጠጋ። የእኛ መጻሕፍት ብራና ናቸው፤ ይህ ወረቀት ነው። ቁመቱ ከ40 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ታሪኩ የፋርስ ሰው ድርሰት ነው፤ የዚህ ቅጂ ቋንቋ ግን ዐረብኛ ነው። ሥዕሉ ሙሉ ገጽ አይዝም። ከጽሑፉ መስመሮች መሀል እንደ መቀነት አግድም ተዘርግቷል። መጀመሪያ በቀጭን ቀለም ቅርጹ ተሰምሯል፤ ከዚያ በውኃ የሳሳ ቀለም በላዩ ፈሰስ ተደርጎበታል። ከሥር ወረቀቱ ይታያል። የእኛ ሠዓሊ ቀለሙን ጥቅጥቅ አድርጎ ነው የሚሞላው። እነሱ ይህንን እጅ ከቻይና ሥዕል ነው የቀሰሙት፤ ታብሪዝ ያኔ የቻይናም የቢዛንታይንም ነገር የሚገናኝባት ከተማ ነበረች። በመጽሐፉ ውስጥ ሠዓሊዎቹ ብርም ቀብተዋል፤ ብሩ በዕድሜ ብዛት ጠቁሯል። ብዙ ሰው ጥቁሩን ጉድፍ ቆሻሻ ይመስለዋል። አይደለም፤ ድሮ ያበራ ነበር።

ራሺድ መጽሐፍ እንደሚጠፋ ያውቅ ነበር። ታብሪዝ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ሰፈር አሠርቶ ጸሐፊና ሠዓሊ አስቀመጠበት። በየዓመቱ ሥራዎቹ በፋርስኛ አንድ፣ በዐረብኛ አንድ እንዲገለበጡ ገንዘብ መደበ። ፍርሃቱ ልክ ነበር። በ1318 ንጉሡን መርዘሃል ተብሎ ተከሰሰና ተገደለ። ያ ሰፈርም ተዘረፈ። ከዚህ የዐረብኛ ቅጂ የተረፈው ሁለት ቦታ ተከፍሏል፤ አንዱ ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ኻሊሊ በሚባል ሰው የጥበብ ሥራዎች ስብስብ ውስጥ። የእኛ ገጽ ያለችው ኤዲንብራ ነው።

ዐምርን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ከነጃሺ ባዶ እጁን የተመለሰው ያ ሰው ኋላ እሱም ሰለመ። በ639 ጦር እየመራ ግብጽ ገባ፤ አገሪቱንም ያዘ። ያንን ዘመቻ ለዘመኑ ቅርብ ሆኖ የጻፈው ግብጻዊው ጳጳስ ዮሐንስ ዘኒቂዩስ ነው። ዮሐንስ የጻፈበት ቅጂ የለም። የዐረብኛው ትርጉምም የለም። ዛሬ ዓለም የሚያነበው በ1602 ገደማ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰውን ብቻ ነው። አንድ የእኛ ቁም ጸሐፊ ብዕሩን ቀርጾ፣ ብራናውን ዳምጦ፣ የሌላ አገር ሰቆቃ ባይገለብጥ ኖሮ ያ ምስክርነት ዛሬ በእጃችን አይኖርም ነበር።

እንግዲህ ዐምር በነጃሺ ፊት የቆመበትን ቀን ታብሪዝ ሥላ አቆየችልን። ዐምር ግብጽን የያዘበትን ዘመቻ ደግሞ እኛ በግእዝ አቆየን። ሁለቱ ጸሐፊዎች አይተዋወቁም። ዘመናቸውም አይገናኝም።

ለዚህ ነው ልለምናችሁ የመጣሁት። በየገዳሙ፣ በየመስጊዱ፣ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለውን ጽሑፍ «ይሄ እኛን አይመለከትም» ብላችሁ አታልፉት። የማታነቡት ቋንቋ ከሆነም ፎቶ አንሡት። ለሚያነበው አሳዩት። እርጥበት እንዳያገኘው ከመሬት ከፍ አድርጉት። እኔ ጋ የመጡ ስንት ቅጠሎች አሉ መሰላችሁ፣ ሌላ ነገር ሲጠቀለልባቸው የኖሩ!

የገጿን ቅጂ በትክክለኛ መጠኗ አትሜ በር ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ አኑሬያለሁ። ስትወጡ ጎንበስ ብላችሁ እዩልኝ። በእጃችሁ ብትነኩትም ችግር የለውም፤ ለእሱ ብዬ ነው ያተምኩት።

አመሰግናለሁ።