ፈቃዱ ተሰጥቶ አልቋል፤ ሞገዱ ግን አለ

ክቡራን እንግዶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት፣ ያውም በበርጫ ሰዓት፣ አዳራሹን ሞልታችሁ ስላገኘኋችሁ ሳላመሰግን አላልፍም።

በሬዲዮ ሞገድ አዲስ አገልግሎት ልጀምር ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው መልስ «ሞገድ የለም፣ ተይዟል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ መዝገቡ ላይ ተይዟል። አንቴና ሰቅሎ ላዳመጠ ግን ብዙው ቦታ ጸጥ ያለ ነው። እዚህ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ኪራይ የሚከፈልበት፣ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ የሚከፈት ሱቅ አለ እንበል። ባለሱቁ በሌለበት ሰዓት በረንዳው ላይ ካልሲ ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ ማንን ይጎዳል? ባለቤቱ ብቅ ሲል ሸራውን ጠቅልሎ እስከተነሳ ድረስ ማንንም። ኮግኒቲቭ ሬዲዮ በሞገድ ላይ የዚያን ልጅ ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ዋናው ችሎታውም ቶሎ መነሳቱ ነው።

ስሙን ያወጣው ጆሴፍ ሚቶላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ከጄራልድ ማግዋየር ጋር ባሳተመው ጽሑፍ። የሚቶላ ሬዲዮ የተጠቃሚውን ፍላጎት ሁሉ የሚገምት፣ ከልምዱ የሚማር ነበር። ኋላ የመጡት መሐንዲሶች ሐሳቡን አጥብበው ባዶ ቻናል ፈልጎ መጠቀም ላይ አወረዱት። ደግ አደረጉ እላለሁ፤ ሰፊው ሕልም እስከ ዛሬ ወረቀት ላይ ነው፣ ጠባቡ ግን ሥራ ላይ ውሏል።

ቢሯችሁ ያለው የዋይፋይ ራውተር በ5 ጊጋኸርዝ ከራዳር ጋር የሚጋራቸው ቻናሎች አሉ። እነዚያ ላይ ከመናገሩ በፊት 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ያዳምጣል። እየሠራ ሳለ የራዳር ምልክት ከሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይለቃል፤ ለ30 ደቂቃም ወደዚያ ቻናል አይመለስም። ኤርፖርት አካባቢ የምትሠሩ ዋይፋያችሁ ድንገት ተቋርጦ ቢመለስ ራውተሩን ለመርገም አትቸኩሉ፤ ምናልባት ጨዋነቱ ይሆናል።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን ዝቅ ያለው ባንድ ነው፤ የቴሌቪዥኑ። በእኛ ቀጣና ከ470 ሜጋኸርዝ ጀምሮ እያንዳንዱ ቻናል 8 ሜጋኸርዝ ይይዛል። አሁን ከከዚራ እስከ ሳቢያን ጣሪያዎቹን ቀና ብላችሁ እዩ። ሳህን በሳህን ነው፤ ሰው የሚያየው ከሳተላይት ነው። ለምድር ስርጭት የተመደበው ባንድ ግን እንደተመደበ ተቀምጧል። በ600 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ሜትር ነው፣ የተለመደው ዋይፋይ ግን 12 ሴንቲሜትር አካባቢ። ረጅሙ ሞገድ ዛፍና ግድግዳን በተሻለ ያልፋል፣ የኮረብታን ጫፍም በመጠኑ ይታጠፋል። በገጠሩ፣ ዋሂልና ቢዮ አዋሌ ላሉ ትምህርት ቤቶችና ጤና ኬላዎች ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ባዶ የቴሌቪዥን ቻናልን ለኢንተርኔት መጠቀምን ኬንያ ናንዩኪ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2013 ሞክራዋለች፤ በዚያው ዓመት ኬፕታውን ውስጥ 10 ትምህርት ቤቶች በዚህ መንገድ ኢንተርኔት አግኝተዋል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ደንብ አውጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው 802.22 የተባለው ስታንዳርድም የታሰበው ለገጠር ነው፤ የቻናሉ ባለቤት ሲመጣ መሣሪያው በ2 ሰከንድ ውስጥ እንዲያውቅ ያስገድዳል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ በሉልኝ። ደንገጎ ተራራ ላይ የቴሌቪዥን ማሰራጫ አለ እንበል። የእኔ መሣሪያ ደቻቱ ወንዝ ገደል ሥር ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ገደሉ ጋርዶታልና ምንም አይሰማም። «ባዶ ነው» ብሎ መናገር ይጀምራል። ከገደሉ በላይ ግን አንቴናዋን ሰቅላ ዜና የምታይ እናት ስክሪኗ ይበላሽባታል። መሣሪያዬ አልዋሸም፤ የቆመበት ቦታ ነው ያሳሳተው። ለዚህ ነው አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2008 መሣሪያው በሲግናል ጉልበት መለኪያ እስከ ኔጌቲቭ 114 ዲቢኤም ድረስ፣ ማለትም አንድ ቴሌቪዥን ሥዕል ለማውጣት ከሚያስፈልገው እጅግ በደከመ ደረጃ፣ ያዳምጥ ያሉት። ያም ዋጋውን አናረው። እ.ኤ.አ. በ2010 ያለበትን ቦታ አውቆ እዚያ የትኛው ቻናል ክፍት እንደሆነ ከመረጃ ቋት የሚጠይቅ መሣሪያ ማዳመጥ አይገደድም አሉ። እኔም ለጊዜው ከቋቱ ወገን ነኝ። እንደኛ ገደልና ተራራ በበዛበት አገር ጆሮን ብቻ አምኖ ፈቃድ መስጠት ጠብ መጥራት ነው።

ቋቱን ማን ይይዘዋል? የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ስፔክትረም፣ ማለትም የሬዲዮ ሞገዱን፣ የማስተዳደሩን ሥራ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ስለዚህ ጥያቄያችንን ማቅረብ ያለብን እዚያ ነው፤ የሁለተኛ ተጠቃሚነት፣ ማለትም ባለቤቱ በሌለበት በሞገዱ የመጠቀም፣ ደንብ ይውጣና ሙከራው ድሬ ይጀመር ብለን። ሳፋሪኮም ነሐሴ 23 ቀን 2014 ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው እዚሁ ከተማ ነው፤ ለመሞከሪያነት እንግዳ አይደለንም። ጅቡቲም ሶማሊያም ቅርባችን ናቸው፣ ሞገድ ደግሞ ኬላ አያውቅም፤ ስለዚህ የጎረቤቶቻችን ማሰራጫዎችም ቋቱ ውስጥ መግባት አለባቸው። ይህ ከቴክኒኩ ይልቅ በደብዳቤ መመላለስ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ከአሁኑ ቢጀመር ይሻላል።

ባዶ እጃችንን ግን አንሄድም። ከ24 እስከ 1766 ሜጋኸርዝ የምታዳምጥ፣ ፍላሽ የምታህል ርካሽ የዩኤስቢ መቀበያ አለች። በአንዴ 2.4 ሜጋኸርዝ ያህል ብቻ ስለምታይ አንዱን የቴሌቪዥን ቻናል ከፋፍላችሁ ነው የምታዳምጡት። በጣም የደከመ ሲግናልም ያመልጣታል፤ «ባዶ ነው» ስትል ማስረጃ አይሆንም፣ «ሰው አለበት» ስትል ግን እመኗት። ከከተማው ጣሪያዎች፣ ከመልካ ጀብዱና ከደንገጎ መውጫ ላይ ሌት ተቀን ተለክቶ የተሞላ ሠንጠረዥ ይዞ የሚቀርብ ጥያቄ እንዲሁ በቃል ከሚቀርበው ይለያል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ የመጀመሪያውን አንቴና ከዚህ ሕንፃ ጣሪያ ላይ እንሰቅላለን። ላፕቶፕና ረጅም የዩኤስቢ ገመድ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ፣ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።