አንገትና ጉበት ምን አገናኛቸው? (የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር)

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ ሐኪሞችና እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

«የታይሮይድ ማኅበር ስለ ጉበት ምን አገባው?» ብላችሁኛል። እሺ፣ ልመልስ።

ብዙዎቻችን የሃሺሞቶ ሕመም አለብን። ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 የጻፈው ማለት ነው። የሰውነት መከላከያ አንገት ላይ ያለውን የራሱን የታይሮይድ ዕጢ ያጠቃል፤ ቀስ በቀስ ሆርሞኑ ያንሳል። ድካሙን፣ ብርዱን፣ የክብደቱን ነገር ለናንተ አልነግራችሁም። ጉበቱን ግን ማን ያነሳል?

ጉበት ስብ እንዲያቃጥል ከሚያዙት አንዱ የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ ማቃጠሉ ይቀዛቀዛል። መጥፎው ኮሌስትሮልም ከደም ቶሎ አይጠረግም። ክብደት ሲጨምር፣ ኢንሱሊንም እንደ ልቡ አልሠራ ሲል፣ ስቡ እዚያው ይከማቻል። ከጉበት ሴሎች ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስብ ከቋጠሩ ጉበቱ ሰብቷል ይባላል። ብዙ ጊዜ አያምም። ክፋቱም እሱ ነው።

አትደናገጡ ግን። ግንኙነቱ ጎልቶ የሚታየው ሆርሞኑ ሲያንስ ነው። ሆርሞኑ ደህና ሆኖ በታይሮይድ ላይ የተነሱት ፀረ እንግዳ አካላት ብቻ በደም ውስጥ ሲገኙ ጉበት ይጎዳል ወይ በሚለው ላይ ጥናቶች አይስማሙም።

ስለ መድኃኒትም ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሬስሜቲሮምን ፈቅዷል። ይህ መድኃኒት ጉበት ውስጥ ያለውን የታይሮይድ ሆርሞን ተቀባይ ይቀሰቅሳል። የተፈቀደው ጉበታቸው በስቡ የተነሳ ተቆጥቶ ጠባሳው መካከለኛ ወይም ከዚያ የባሰ ለሆነባቸው፣ ግን ገና ወደ ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ ወደሚደድርበት ደረጃ) ላልደረሱ ነው። «እንግዲያው ሌቮታይሮክሲኔን (የጎደለውን ሆርሞን የሚተካውን ክኒን) ልጨምር» የምትሉ፣ ኧረ በፍጹም! ሲበዛ ልብንና አጥንትን ይጎዳል።

ለሐኪሞቻችን አንድ ቅሬታ አለኝ። አንዳችሁ አንገት ታያላችሁ፣ ሌላችሁ ሆድ። ሁለቱን ውጤት የሚያገናኘው በሽተኛው ራሱ ሆኗል። ጉበቱ የሰባ ሰው ቲ ኤስ ኤች፣ ማለትም የታይሮይድን አሠራር የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ይታይለት። የኛ የታይሮይድ ሕመምተኞች የጉበት ኢንዛይም (ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረው) ከፍ ሲልም «ስብ ነው» ብላችሁ አትለፉት። መከላከያው ታይሮይድን ያጠቃበት ሰው ጉበቱንም ሊያጠቃበት ይችላል፤ ያ ደግሞ ሕክምናው ሌላ ነው።

አሁን መድረኩ የሐኪሞቹ ነው። ያፈራችሁ ጥያቄያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ አሳልፉ፤ ስም አያስፈልግም። ጉባኤው ተከፍቷል።