መድኃኒቱ ከታዘዘ በኋላ፦ የጤና ሥነ ልቦና ባለሙያ ሥራ በጎጃም

[በምስል፦ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ የሚወስደው መንገድ፤ ግራና ቀኝ የታረሰ ቀይ አፈር]

ተራኪ፦ በጎጃም ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚያርስና ውኃ የሚቀዳ ሰው ከሚያሰጉት በሽታዎች አንዱ ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ ብዙው ሰው ዝሆኔ ወይም የእግር እብጠት ይለዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል እየገቡ፣ በተፈጥሮው ለበሽታው የተጋለጠውን ሰው የሊምፍ ቧንቧዎች (ትርፍ ፈሳሽን ከሰውነት ክፍሎች የሚመልሱትን) ይጎዳሉ፤ እግሩም ቀስ በቀስ ያብጣል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሕክምናው እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ የጤና ባለሙያው በለካው መጠን በረኪና በተጨመረበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ እንዳስፈላጊነቱ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታካሚዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህን እንክብካቤ ወዲያው የጀመሩት ሰዎች ከትኩሳትና ከብርቱ ሕመም ጋር የሚነሣባቸው የእግር መቆጣት፣ ካልጀመሩት ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሷል።

ታዲያ ሳሙናውንም ምክሩንም ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መታጠቡን ለምን ይተወዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልገው ክሊኒካል የጤና ሥነ ልቦና ባለሙያ ነው።

[በምስል፦ የቆየ የሕክምና መጽሐፍ ገጾች]

ሙያው በዚህ ስሙ የቆየው ብዙ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሽታን በአካል ላይ በደረሰ ጉዳት ብቻ መረዳት እንደማይበቃ፣ የታካሚው ሐሳብና ስሜት፣ ቤተሰቡና ኑሮውም አብረው መታየት እንዳለባቸው ተከራከረ። በዓመቱ በአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ሥር የጤና ሥነ ልቦና ክፍል ተቋቋመ። በዚያ አገር ወደ ሙያው የሚገባ ሰው እስከ ዶክትሬት ይማራል፣ በሆስፒታል የአንድ ዓመት የተግባር ልምምድ ያደርጋል፣ ከዚያም የሥራ ፈቃድ ያወጣል። በእኛ አገር የተለመደው መንገድ በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ መሥራት ነው። ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ተብሎ በሚጠራበት የሆስፒታል ኮሪደር ልዩነቱን ማስረዳት ቀላል ባይሆንም፣ ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ሐኪም፣ የሕክምና ዶክተር ነው፣ መድኃኒትም ያዝዛል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው ግን በእኛ አገር መድኃኒት አያዝዝም፣ የሥራ መሣሪያው በዕቅድ የሚመራ ንግግር ነው።

[በምስል፦ አነስተኛ የምክር ክፍል፤ ሁለት ወንበሮች]

ለማስረዳት ያህል፣ ከደምበጫ ገጠር የመጡ አንዲት እናትን እናስብ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ እግራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። ባለሙያዋ ይህን አይታለች፣ ግን ስለ እግራቸው አትጀምርም። «እናቴ፣ ጠዋት ከተነሡ ጀምሮ ቀንዎ እንዴት ይውላል?» ትላቸዋለች። ውኃው ከሩቅ ምንጭ እንደሚቀዳ፣ የሚያመጣውም ምራታቸው እንደሆነች፣ ልጅቱ ደክሟት የተሸከመችውን ውኃ እግራቸው ላይ ማፍሰስ እንደሚያሳፍራቸው የሚናገሩት በዚህ ጊዜ ነው። የማርያም ማኅበር ላይ መገኘት ከተዉም ቆይተዋል፤ «አዝመራ ላይ ነን» እያሉ ያመካኛሉ እንጂ ምክንያቱ የእግራቸው ሽታ ነው። እንግዲህ «ታካሚዋ ምክር አይሰሙም» ተብሎ በካርዳቸው ላይ ሊጻፍ ይችል የነበረው ነገር፣ አንድም የውኃ፣ አንድም የኀፍረት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ።

ባለሙያዋ «ብሄድ ሁሉም አፍንጫውን ይይዛል» የሚለውን ሐሳብ «ኧረ እንዲህ አይደረግም» ብላ አታጣጥለውም፤ አፍንጫውን የያዘ ሰው በእውነት ይኖራልና። ይልቁንም ማን፣ መቼ፣ እግሩ ታጥቦ ነበር ወይስ አልታጠበም ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ሁለቱ ተመካክረው ትንሽ ሙከራ ያቅዳሉ፦ ሦስት ቀን ታጥበው፣ ንጹሕ ካልሲና ጫማ አድርገው፣ መጀመሪያ ወደሚቀርቧቸው ጎረቤት ለቡና መሄድ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም ፈርተውት የነበረውንና የሆነውን ጎን ለጎን ማየት። ይህ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካዳበረው፣ ሐሳብን ከስሜትና ከድርጊት ጋር አያይዞ ከሚመረምረው ሕክምና የተወሰደ አሠራር ነው።

ሌላው ዘዴ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው፣ ታካሚው ለመለወጥ ያለውን የራሱን ምክንያት የሚያወጣ ቃለ ምልልስ ነው። «እግርዎን በየቀኑ መታጠብ ለእርስዎ ምን ያህል ይጠቅማል? ከዐሥር ስንት ይሰጡታል?» «አራት።» «ለምን አንድ አላሉም?» «የታጠብኩ ዕለት ሳይጠዘጥዘኝ አድራለሁ፣ ልጄ።» ጥያቄው ለምን ዐሥር አልሆነም የሚል ቢሆን ኖሮ የሚከተለው የሰበብ ዝርዝር ይሆን ነበር። በእኔ ግምት በዚህ ሙያ ለመማር የሚከብደው ይህ ነው፦ መልሱን እያወቁ ቀድሞ አለመናገር።

[በምስል፦ የገበያ ቀን፤ ከገጠር የሚገቡ ሰዎች]

የሙያው መማሪያ መጽሐፍ በሳምንት አንድ ጊዜ ሃምሳ ደቂቃ ያህል መገናኘትን ይመክራል፤ በእግሩ ግማሽ ቀን ተጉዞ ለሚመጣ ታካሚ ግን ቀጠሮው ከገበያ ቀን ጋር ካልተገጣጠመ ብዙም አይዘልቅም። ምራትየዋን ጠርቶ ስለ ውኃው መነጋገርም የሕክምናው አካል ሊሆን ይችላል፣ ታካሚዋ ከፈቀዱ ብቻ ነው እንጂ። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ወረዳ «እማማ ምን አሉሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ አይጠፋምና፣ ምስጢር መጠበቅ ከከተማው ይልቅ እዚህ ይፈትናል።

ጠበሉም አለ። ታካሚው ጠበል እንደሚጠመቅ ለባለሙያው ከደበቀ፣ መድኃኒቱን ማቋረጡንም ይደብቃል፤ ስለዚህ ጥያቄው ያለ ነቀፋ መነሣት አለበት። በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን ጠበልንና የኤች አይ ቪ መድኃኒትን አብረው እንዲጠቀሙ መምከራቸው ለዚህ ዓይነቱ ውይይት እስከ ዛሬ ይረዳል። የስኳር ሕመምተኛ በዐቢይ ጾም ኢንሱሊኑንና ምግቡን እንዴት እንደሚያስማማ ሲታቀድም፣ ሐኪሙ ስለ መጠኑ፣ የነፍስ አባቱ ስለ ጾሙ ቢጠየቁ፣ ባለሙያው ብቻውን ከሚሰጠው ምክር ይልቅ ተሰሚነት ያገኛል።

በንግግር ብቻ የማይያዝ ሕመምም አለ። ታካሚዋ እንቅልፍ አጥተው፣ ምግብ ጠልተው፣ «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመሩ፣ ባለሙያዋ ራሳቸውን ለማጥፋት አስበው እንደሆነ በግልጽ ትጠይቃቸዋለች፤ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። አደጋ ካለ ብቻቸውን አይተዉም፣ በዚያው ዕለት ከቤተሰብ ሰው ጋር የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይላካሉ። የእግር ክትትላቸውም በዚህ ምክንያት አይቋረጥም፤ የሚቀጥለው የፋሻና የቫዝሊን ቀጠሯቸው ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ተጽፎ ይሰጣቸዋል።